ዳማው ፈረስ ጠባይ ሲማር

ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነበር። ዱጉማ ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው የጣሊያኖች ካምፕ ፈረስ ያሠለጥናል። ሰፈሩ ባንዳ ይለዋል። ፊት ለፊት አይደለም፤ ሲያልፍ ወሬ ያቆማሉ፣ ራቅ ሲል ይቀጥላሉ። ዱጉማ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ልጁ ታስሯል፤ የታሰረ ልጅ ያለው ሰው ሥራ አይመርጥም።

ልጁ ቶለሳ የተያዘው በጫካው መንገድ ስንቅ ተሸክሞ ሲሄድ ነው። ፈረስ ላይ ያደገ ጎረምሳ ነበርና ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ማንም አይደርስበትም ነበር፤ በእግሩ ስለነበር ያዙት። ስንቁ ለአርበኞች ነው አሉት። ያሉበትን መርተህ አሳየን አሉት፤ አላሳይም አለ። እናቱ ሾዴ ጧት ጧት ምግብ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። ሲላቸው ያስገቧታል፣ ሲላቸው ምግቡን ተቀብለው ራሳቸው ይበሉታል።

በዚህ መሐል የካምፑ አዛዥ ካፒታኖው ዱጉማን አስጠራው። የሚያስተረጉምለት ስብሐት የሚባል የሰፈር ልጅ ነው።

«ጋሼ ዱጉማ፣ ይህን ዳማ ፈረስ ጠባይ ያስተምሩልኝ ይላሉ» አለ ስብሐት። «እሑድ እሑድ መኮንኖቹ ተከታትለው ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። ሌላው ፈረስ ሁሉ ጋላቢ አለው። የተረፈው ይኼ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር አልሄድም ብሎ አስቸገረ።»

«ማነው የሚቀመጥበት?»

ስብሐት ጠየቀ። ካፒታኖው በአጭሩ መለሰ።

«ዛብ የማይዝ ሰው ነው። ፈረሱ በራሱ የፊቱን ተከትሎ መሄድ አለበት። ይህን ካደረጉ የልጅዎን ጉዳይ አየዋለሁ ብለዋል።» ስብሐት ይህን ሲናገር መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ዱጉማ ሌላ አልጠየቀም። ወይዘሮ በፈረስ ስትሄድ ዛቡን አሽከር እንደሚይዝላት እሱን ማን ይነግረዋል? የካፒታኖው ሚስት ከአገሯ ከመጣች ገና አንድ ክረምቷ ነው፤ ቀጭን፣ ውሻ ሲጮህ የምትደነግጥ ሴት። በቃ፣ ለሷ ነው አለ በልቡ።

ዳማው የጉግስ ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ማይጨው ቀርቷል። የጉግስ ፈረስ ከኋላው ኮቴ ከሰማ መብረር ነው ትምህርቱ። ጃንሜዳ ላይ እልል ያስባለለት ይህ ጠባይ በጠባብ የዳገት መንገድ ላይ ነውር ሆነ። ሌላ ፈረስ ከኋላ ሲጠጋው ይፈተለካል፤ የፊተኛውን ይገፋል፤ መሄጃ ካጣም ይራገጣል።

ዱጉማ የካምፑን ፈረስ ጠባቂዎች ከፊትም ከኋላም እያስኬደ ዳገቱን ይወጣና ይወርድ ጀመር። ዳማው ሲቸኩል ያቆመዋል። ሲረጋ ገብስ ያቀምሰዋል። ሲፈተለክ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ያስጀምረዋል። ውሎ አድሮ ዛቡን ኮርቻው ላይ ቋጥሮ፣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ቻለ። የፈራች ሴት ፈረስ በእግሯ ትጨመድዳለች ብሎም ተረከዝ ሲያርፍበት እንዳይሮጥ አስተማረው። ለጉግስ ፈረስ ከዚህ የከበደ ትምህርት የለም።

አንድ ቀን ጎረቤቱ መሸሻ መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘው።

«የዚህን ፈረስ ጌታ አውቀው ነበር» አለው። «ሲያፏጭለት ይበራል። እሷን ጠባይ ብቻ ተውለት፣ ወንድሜ። ገደሉ አፋፍ ላይ እኔ አፏጫለሁ፤ ያልከኝ ሲኞራ ትሄዳለች።»

«ሴት ናት እኮ፣ መሸሻ።»

«በየካቲት ያረዷቸው የኛዎቹስ?»

ዱጉማ መንገዱን ቀጠለ።

ቤት ስትጠብቀው የነበረችው ሾዴ ፊቱን አይታ ነገሩ ገባት።

«ምን አስበሃል?»

«ምንም።»

«ዛሬ አየሁት ልጄን። እጁ አብጧል፤ እኔ ነኝ ያጎረስኩት። ያቺ ሴት ብትወድቅ በማግስቱ ይሰቅሉታል። በማርያም ይዤሃለሁ፣ ዱጉማ!»

በማግስቱ ዱጉማ ገደሉ አጠገብ ዳማው ላይ እንደተቀመጠ ራሱ አፏጨ። ፈረሱ በረረ። ተያይዘው ገደል ከመግባት ለጥቂት ነው የተረፉት። ዱጉማ ወርዶ የፈረሱን አንገት አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ፈረሱን ይዞ ሸጎሌ ሜዳ ብቻውን ይውል ጀመር። እዚያ ምን እንደሚያደርግ ለሾዴ አልነገራትም። መሸሻ ሲጠይቀው «እሑድ ታየዋለህ» አለው።

እሑድ ጧት ጉለሌ በጭጋግ ተሸፍኗል። ፈረሰኞቹ ሁሉ ቆብ ያለው ካፖርት ደርበዋል። ዱጉማ ከመንገዱ በላይ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ቆመ። ዳማው መሐል ላይ ነው። ተቀማጩ ቀጭን ነው፤ ዛቡ ኮርቻው ላይ ተቋጥሯል። ዱጉማ ግን ዓይኑን ከፈረሱ እግር አልነቀለም።

ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ከቁጥቋጦው ውስጥ ፉጨት ተሰማ። ዳማው ጆሮውን አቆመ። መልሶ ጣለው። መሸሻ ደግሞ አፏጨ፤ ፈረሱ የፊተኛውን ጭራ ተከትሎ መንገዱን ቀጠለ።

«ተመስገን፣ ልጄ ተረፈልኝ» አለ ዱጉማ።

ፈረሰኞቹ ገደሉን አልፈው የጫካው መንገድ ከሚገነጠልበት ደረሱ። ዳማው ላይ ያለው ሰው ድንገት ወደ ፊት አጎነበሰና ፈረሱን በሁለት ተረከዙ መታው። ደግሞ መታው፤ ባለ በሌለ ኃይሉ። ከኋላ ያለው መኮንን ሳቀ። ዳማው እርምጃውን እንኳ አልቀየረም። ዱጉማ ፈገግ አለ፤ ፈረሱ ካስተማረው አንዱንም አልረሳ።

ይሄኔ የካፖርቱ ቆብ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ዳማው ላይ እጁን ከኮርቻው ጋር ታስሮ የተቀመጠው ቶለሳ ነበር።