የመጨረሻው ቅጂ

ሐረገወይን የባሏ አርባ በወጣ ማግስት ቁስቋም ወዳለችው ጠባብ ስቱዲዮ መጣች። ባሏ ሰውአገኝ የሬጌ ዘፋኝ ነበር። ከመሞቱ በፊት የተቀዱትን ሦስት ዘፈኖች የድምፅ ባለሙያው ትዕዛዙ አንድ በአንድ አሰማት። እሷም የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች አዳመጠች። ሦስተኛው ሲያልቅ፣ “ሌላ የለም? ሲስቅም ቢሆን፣ ሲያወራም ቢሆን” አለችው።

ነበር። ትዕዛዙ ላጥፋው አላጥፋው እያለ አንድ ወር ሙሉ ያቆየው ቅጂ ነበር። የለም ሊላት ፈልጎ ነበር፤ መዋሸቱ ግን አቃተውና ከፈተላት። መጀመሪያ ረጅም ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ሰውአገኝ በሰለለ ድምፅ፣ “ትዕዛዙ፣ በቃኝ። ደረቴን ወጋኝ” አለ። ወዲያው የትዕዛዙ የራሱ ድምፅ ተከተለ፤ “አይዞህ፣ አንዴ ብቻ ድገማትና እናርፋለን።” የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ገባ፤ ሟቹም ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና መዝፈን ጀመረ።

ትዕዛዙ ቅጂውን አቁሞ አንገቱን ደፋ።

“ማረፍ ነበረበት” አለ። “ያስገደድኩት እኔ ነኝ።”

ስድቧን ጠበቀ፣ እርግማኗንም ጠበቀ። ሐረገወይን ግን ወደ እሱ አልዞረችም። ድምፁ የወጣበትን ስፒከር ትኩር ብላ እያየች ነበር።

“ማታ ማታ ሲገባ፣ ደረትህ እንዴት ዋለ እለው ነበር” አለች ቀስ ብላ። “ሸጋ ነኝ፣ ድኛለሁ ይለኝ ነበር። ለካ እውነቱን የሚነግረው ለአንተ ኖሯል።”