የኅዳሩ እትም

ምንትዋብ ወላጆቿን ልትጠይቅ በሚያዝያ ደሴ በገባች ማግስት አንድ ነገር ከነከናት። እናቷ ወይዘሮ እቴነሽ እስኪያንቃቸው ያስላሉ፤ ድሮ ሳላቸውን ሲሰሙ ውሃ ይዘው ይሮጡ የነበሩት አባቷ ግን ዘና ብለው ጋዜጣ ይገልጣሉ።

«አባዬ፣ ከእማዬ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?»

«ምን ሲደረግ!» አሉ አቶ በላቸው፣ ጆሯቸው ላይ ያለውን የመስሚያ መሣሪያ እየነካኩ።

የእሷን ድምፅ አጥርተው ሰምተዋል። ጥርጣሬዋ ወደ መሣሪያው ዞረ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን የመሣሪያውን ሶፍትዌር ከበጎ ፈቃደኞች ጋር የጻፈችው እሷ ነበረች። ያኔ እያንዳንዱን አዲስ እትም ሳምንት ሙሉ በራሷ ጆሮ ሳትሞክር ለሰው አትለቅም ነበር። ሰው ኮዱን መንካቱ ሥራ ያዘገያል ተብሎ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ግን ኮዱን ማሽን ራሱ ያርማል፣ ራሱ ይፈትናል፣ ራሱ ይለቃል።

የሶፍትዌሩን የለውጥ መዝገብ ከፍታ አነበበች። የኅዳሩ እትም «ተደጋጋሚ ጫጫታ ተወግዷል» ይላል። ፈተናውን ሁሉ አልፏል።

እናቷን ጠርታ አባቷ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ሳሉ። አቶ በላቸው ቀና እንኳ አላሉም።

ምንትዋብ እንደሚያስጠይቃት እያወቀች፣ በእጇ የለቀቀችውን የመጨረሻ እትም ከኮምፒውተሯ አውጥታ ጫነችላቸው።

እናቷ እንደገና ሳሉ። አቶ በላቸው ደንግጠው ዞሩ።

«ምነው እቴነሽ! ደግሞ ጀመረሽ?»

«መች ተወኝና!» እንባቸው መጣ። «ዝም ስትለኝ ጊዜ የሰለቸሁህ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ እኮ ድነሽ መስሎኝ፣» አሉ አቶ በላቸው፣ «ጠዋት ጠዋት ፈጣሪን ሳመሰግን ነው የከረምኩት።»