ትንሿ ጀሪካን

ሽማግሌው ቶግቤ ሶሱ ቅሉን ዛሬ ወደሚከፈተው አዲስ ቦኖ ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ኤንዮናም ግን ቧንቧውን አልከፍትም ብላለች። የከተማዋ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሷ ናት፤ ቁልፉም በእጇ ነው። ከኋላዋ ሴቱ ሁሉ ባልዲውን ይዞ ተሰልፏል።

«ክፈቺው እንጂ ልጄ፣ ፀሐዩ አናታችንን ሊበሳው ነው» ይላሉ ሽማግሌው። ቅሉ ውስጥ የበቆሎ ዱቄት አለ። በመጀመሪያው ውሃ ይበጠበጥና የሙታን ስም እየተጠራ መሬት ላይ ይፈስሳል። በእኛ በኤዌዎች ዘንድ ለሙታን ሲፈስ ጫማ ይወልቃል። እሳቸው ገና አላወለቁም።

«የልጄን የዴላሊንም ስም ይጠሩልኛል?»

«ሕፃን አይጠራም። የሚጠራው ወልዶ፣ አሳድጎ፣ አርጅቶ የሄደ ነው። ይኼ ጠፍቶሽ ነው?»

አልጠፋትም። ልጇ የተቀበረች ዕለት እንኳ አልቅሺ ያላት አልነበረም። አምና፣ ቦኖው በባላባቱ ደጅ ይተከል በገበያው እየተባለ ኮሚቴው በጋውን ሙሉ ሲነታረክ፣ ቱቦው ዛፍ ሥር ተከምሮ የፍየል መተኛ ሲሆን፣ ዴላሊ የወንዙን ጭቃ ውሃ ጠጥታ ተቅማጥ ጨረሳት።

«ታዲያ ይኼን ውሃ ማን አመጣው?» ትላለች ኤንዮናም። «እሷ ስትሞት አይደል ጭቅጭቁን የተዋችሁት? ‹በባላባቱ ደጅ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን› ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? የሞተችው ግን እሷ!»

«ተይ እንጂ፣ ሽማግሌ ናቸው» ትላለች ከሰልፉ አንዷ፤ ግን ለራሷ ያህል ነው።

«ልማዱን እኔ አላወጣሁት» ይላሉ ቶግቤ።

ኤንዮናም ከሳፋዋ ውስጥ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ታወጣለች። ዴላሊ ወንዝ ካልወረድኩ ብላ ስታስቸግራት አንገቱን ቆርጣ ያበጀችላት ነው። ቦኖው ሥር ታስቀምጠውና ቧንቧውን ትከፍታለች።

ውሃው ሳል ሳል ይልና ይመጣል። እልልታ የለም። ጀሪካኑ ይሞላል፤ ኤንዮናም አትዘጋውም። ጠብታ ያፈሰሰ ይቀጣል የሚለውን ደንብ ያወጣችው ራሷ ናት። የፈሰሰው ውሃ አፈሩን እያራሰ ቶግቤ ሶሱ እግር ሥር ይደርሳል።

ሽማግሌው ስም አይጠሩም። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ።

ኤንዮናም ቧንቧውን ዘግታ ጀሪካኑን ታነሳለች። ሳታስበው እንደ ድሮዋ ልታሸክም ወገቧ አካባቢ፣ አንድ ትንሽ ራስ በሚደርስበት ቁመት፣ በሁለት እጇ ይዛው ትቆማለች።