ሆዳሙ ካሽ

አለቃው አሮጌ የቤት ዕቃ በድረ ገጽ ይሸጣል። ቁም ሣጥን፣ አልጋ፣ አንድ እግሩ የተጠገነ ጠረጴዛ። ሰሞኑን ግን ገጹ ይጎተታል፤ የወንበር ፎቶ ተከፍቶ እስኪታይ ገዢው ቆሞ ይደክመዋል።

ጥፋተኛውን ለመያዝ የተነሳው የሚስቱ ወንድም ነው። ሠራተኛው እሱ በሌለበት «መጥረጊያ» ይለዋል፤ ያየውን ካልጠረገ አይሆንለትም። ሁለት ቦታ የተቀመጠ ነገር ሲያይማ ያመዋል። ኮምፒውተር ንካ ያለው ማን እንደሆነ እህቱን ጠይቁ።

ፕሮግራመሯ ከፈቃድ እንደተመለሰች ወደ አለቃው ቢሮ ተጠራች፤ መጥረጊያም እዚያው ነበር።

«ካሹ ሞልቷል» አለች።

የአለቃው ፊት በራ። «ተመስገን! የትኛው ባንክ ያለው?»

«የሰርቨሩ ካሽ ነው ጋሼ። ገጹ የሚሠራባቸውን ስክሪፕቶች አንዴ ከዲስክ ያነብና ተርጉሞ ሜሞሪ ላይ ይይዛቸዋል። ከዚያ ወዲያ ዲስኩን ዞር ብሎ አያይም፣ በያዘው ነው የሚሠራው። አሁን ጠበበው። በሌላ ፎልደር ለጨመርናቸው አዲስ ገጾች ቦታ ስለሌለው እነሱን በተጠየቀ ቁጥር እንደገና ይተረጉማል። ሜሞሪ እንጨምርለት።»

«ይኸው!» አለ መጥረጊያ። «ሆዳሙ አልጠገበም፣ ጨምሩለት ትላለች! እኔ አንቺ በሌለሽበት ዲስኩን አጸዳሁት። አሮጌ አሮጌውን፣ ሁለት ሁለት የሆነውን፣ ጥርግ! ገጹ ምን ሆነ? ምንም! ይሄንንም ጥረጊው።»

«ገዢ ባለበት ሰዓት አይነካም። ደግሞም ሲጸዳ ሁሉን ከዲስክ እንደ አዲስ ሊያነብ ነው።»

«ያንብባ! ማንበብ ያስጠላዋል እንዴ? ወይስ እዚያ ውስጥ የደበቅሽው ነገር አለ?»

አለቃው በጥርጣሬ አያት። ከሰዓት በኋላ አንድ የሆቴል ባለቤት ለሙሉ ሕንፃው ዕቃ ሊመርጥ ቀጠሮ አለው። ገጹ ከተጎተተ ሰውየው ወደ ሌላ ይሄዳል።

«አጽጂው» አለ። «እምቢ ካልሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

ሴትዮዋ ብቻዋን ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። «እሺ፣ የመጣው ይምጣ» አለችና ካሹን አጸዳችው።

ሜሞሪው ባዶ ሆነ። መጥረጊያ አጨበጨበ። «አላልኩም? ሆዳም ሲወጣ ቤት ይሰፋል!» አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ለካ አማቼ ሰው ነው፣ ብሎ አሰበ።

ከዚያ ገጹን ከፈተ። ነጭ። ዘግቶ ከፈተ። አሁንም ነጭ።

«አንቺ! ምን አደረግሽው?» ብሎ ጮኸባት። «አላልኩህም?» አለ መጥረጊያ፣ «ይቺ ሴት ተንኮል አላት!»

እሷ ዲስኩን ከላይ እስከ ታች ስታስስ ቆይታ ቀስ ብላ ወደ መጥረጊያ ዞረች።

«ወንድሜ፣ የዋናው ገጽ ስክሪፕቶች ያሉበት ‹አሮጌ ዕቃ› የሚለው ፎልደር ከነመጠባበቂያ ቅጂው የት ሄደ?»