አባዬ በመዳፉ ሲፈትሽ

የምስማር ማስገቢያዋን ቀጭን ብረት የምስማሩ አናት ላይ አቁሜ በመዶሻ አንዴ ነካኋት። ምስማሩ ከእንጨቱ ፊት ዝቅ ብሎ ገባ፤ ቫርኒሹም አልተሰነጠቀም።

«እንደሱ ነው» አለ አባዬ ከኋላዬ ቆሞ። «ሁለቴ ብትደግሚው ኖሮ እኔም አንቺን በኩርኩም እደግምሽ ነበር።»

«ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው እኮ አባዬ።»

«ምስጥ ዕድሜ የላትም።»

ምስጥ የሚለኝ በልጅነቴ ከእንጨት ፍቅፋቂው ክምር ውስጥ ስለማልጠፋ ነው። አሁን አብሬው እሠራለሁ፤ ደንበኞቻችንም ስሜን ትተው እሱ ባወጣልኝ ነው የሚጠሩኝ።

የዚህን ሳሎን የበር ክፈፍ የዛሬ ሳምንት ነው ጨርሰን፣ ቫርኒሽ ቀብተን ያስረከብነው። ውድ እንጨት ነው፤ አባዬ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ልጎ፣ ምስማሩንም ራሱ ነው የመታው። ትናንት የቤቱ ባለቤት ደወለች። መምህርት ናት፣ ትሁት ሰው። የሦስት ዓመት ልጇ በበሩ ሲያልፍ ብቅ ያለ ምስማር ክንዱን ቧጨረው። «ጋሼ እንዳይቀየሙኝ ብቻ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ተቀየመ እንጂ። እሱ የሠራው ክፈፍ ልጅ ሊቧጭር? «እኔው ራሴ ሄጄ አየዋለሁ» አለና ጠዋት ቀድሞኝ ከቤት ወጣ።

የማያውቀው ነገር አለ። አምስት ወር ሙሉ እሱ የሠራበት ቤት ሁሉ ተደብቄ ስመለስ ከርሜያለሁ። መሣሪያ ረሳሁ እላለሁ፣ ልኬት ልወስድ ነው እላለሁ፣ ብቻ ሰበብ አላጣም። ብቅ ያሉትን ምስማሮች አስገብቼ፣ ቀዳዳውን የእንጨቱን መልክ በያዘ ሰም ደፍኜ፣ በጨርቅ አሽቼ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ወደ ቤት እገባለሁ። እዚህ ግን ሳልመለስ ተቀደምኩ። የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። «ዓይኑ ነው» ትላለች። «ስኳሩ ዓይኑን እየነካው ነው። መነጽሩን ቢቀይር ይስተካከላል።»

ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ቀጥታ መነጽር ቤት ልወስደው ከእናቴ ጋር ተነጋግረናል። መነጽሩም ካልረዳው ሥራውን እንዲተው የምነግረው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ዞር በይ እስቲ ልየው» አለ። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና ዓይኑን ጨፈነ።

አባዬ እንጨት የሚያየው እንዲህ ነው። ልጅ ሳለሁ አንዲት የእናቴን ፀጉር ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ወረቀት ያለብሳታል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በወረቀቱ ላይ ጣቱን እያስኬደ ያለችበትን ያገኛት ነበር። እኔ ስንት ቀን ሞከርኩ፣ አንድም ቀን አላገኘኋትም። እሱ ደግሞ በሳቅ ይፈነዳ ነበር።

መዳፉን በስተቀኝ ባለው የክፈፉ የላይኛው ጫፍ ላይ አሳረፈና ቀስ እያለ ወደ ታች ሳበው። እኔ የጨረስኩት ግራውን ብቻ ነው። በቀኙ በኩል፣ አባዬ ወገብ ትክክል፣ አንድ ምስማር የምስር ፍሬ ያህል ብቅ ብሏል፤ ከቆምኩበት ሆኜ ይታየኛል። እጁ ሲደርስበት ይቆማል፣ እንደ ልማዱም «አሃ፣ እዚህ ነህ ለካ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

አልቆመም። መዳፉ ምስማሩ ላይ አልፎ ሄደ፤ ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

«ንጹህ ነው» አለ። «መስታወት በይው። ልጁን የቧጨረው ያ የግራው ብቻ ነው።»

ከምስማሩ በታች፣ እጁ ባለፈበት ሁሉ፣ ቫርኒሹ ላይ ቀይ መስመር ወርዷል።

ዓይኑ አይደለም። ሐኪሙ እግሩ እየደነዘዘ ነው ስላለን እኛ እግር እግሩን ስናይ፣ ስኳሩ የእጁን ስሜት ወስዶታል። ለዓይን መነጽር አለ። ለእጅ ምን ልገዛለት ነው?

አባዬ ዓይኑን ገለጠ። መነጽሩን አድርጎ ደሙን አየ።

«ማነው የተቆረጠው? ምስጥ፣ እጅሽን አምጪ።»

«እኔ አይደለሁም አባዬ።»

«አምጪ አልኩሽ።»

ሁለቱንም እጆቼን ይዞ እያገላበጠ ቁስል ፈለገ። የእሱ መዳፍ የስንት ዓመት ቫርኒሽ ጠጥቶ የጠቆረ ስለሆነ የራሱን አላስተዋለም። እጄን ሲያገላብጥ ደሙ አውራ ጣቴን ነካው። «ይኸው» አለ። መሀረቡን አውጥቶ በጥርሱ ቀደደና ጣቴን ይጠቀልል ጀመር። «አርባ ልትደፍኚ ነው፣ መቼ ነው ለራስሽ የምትጠነቀቂው?» እያለ ተቆጣኝ። ቋጥሮ እስኪጨርስ ጣቴን ዘርግቼ ቆየሁለት። ሲቆጣኝ ደስ አለኝ፤ ቁጣው ትንሽ እንዲቆይልኝ ፈልጌ ነበር።

ከዚያ እጁን ያዝኩና ገለበጥኩለት።

መሃል መዳፉ ተተልትሏል። አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝና መልሶ እጁን አየ።

«ይሄ መቼ ነው?» አለ በቀስታ።

«አሁን ነው አባዬ። አሁን።»

ከውስጥ ክፍል የሴትዮዋ ልጅ ሲስቅ ይሰማል። አባዬ የሌላኛውን እጁን አውራ ጣት ቁስሉ ላይ አድርጎ ተጫነው። ሕመሙ እስኪመጣ ትንሽ ጠበቀ። እንደገና፣ ጠንከር አድርጎ ተጫነው።