ለሞት ጆሮ የወጣ ስም

"የልጁ ስም ማን ይባላል?" አለችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሐመልማል።

"ውሻው" አልኳት። ጆሯችን ውስጥ ያለው ማጣሪያ ግን እንደ ልማዱ "ጢጥ" አለ። ድሮ ስድብ በጢጥታ የሚሸፈነው ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ነበር፤ አሁን መሣሪያው በየሰዉ ጆሮ ተተክሏል።

"እትዬ ዘርፌ፣ ለምን ደህና ስም አያወጡለትም?"

መልሱን መደጋገም ታክቶኛል፤ ቢሆንም ነገርኳት። ልጅ አልበረክትልኝ ብሎ ሦስት ቀብሬያለሁ፤ ሁሉም የሚያምር ስም ነበራቸው። ይሄኛውን ሞት ንቆ እንዲያልፈው ብዬ በውሻ ስም ጠራሁት።

ልጄ ትኩሳቱ እንደ እሳት ይፋጃል። ጭኔ ላይ እንደተኛ ዓይኑን ሲከድን ደንግጬ በስሙ ጠራሁት። ጆሮዬ ውስጥ "ጢጥ" አለ። እሱም ዓይኑን ገለጠ፤ ከተወለደ ጀምሮ ስሙን የሚያውቀው እንዲያ፣ ጢጥታ ሆኖ ነው።

"አየሽ ልጄ፣ እሱስ ለምዶታል" አልኳት። "ስሙን ያወጣሁት ግን ሞት እንዲሰማው ብዬ ነበር። ለሞትም ማጣሪያ ተክላችሁለት እንደሆነ ንገሪኝ።"