የአልአዛር ደሴት

ጀልባዋ ከአሞራ ገደል ርቃ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባበት ስትቃረብ፣ ሐዳሳ ዋሻው የት እንዳለ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች።

አባቷ አልአዛር ገና ነው አላት። ሁለቴም እንዲሁ ብሏታል። ገና የሚባል ነገር ግን አልነበረም፤ ከፊታቸው ያለው ደንገል ነው፣ ከደንገሉ ወዲያ ደግሞ ወንዙ። እዚህ ሐይቅ ላይ እሱ የሚያውቀው ደሴት የለም። ዋሻማ ከየት ይመጣል!

ጉዞው የሐዳሳ ሽልማት ነው። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ክረምቱን የት ልውሰድሽ ሲላት፣ እንደ ሌላው ልጅ ላንጋኖ ትለኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን አንተ የተረፍክበት ደሴት አለችው፤ ደሴቱን፣ ዋሻውን፣ ወንዙን፣ ሁሉንም በአንድ ቀን። ሚስቱ ኢየሩስም ሐሳቡን ወደደችው። ምሳ ቋጥራ፣ አዲሱን ነጭ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ነው። አልአዛር ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ በወጣቶች ጉባኤ ላይ ምስክርነት እንዲሰጥ ተጠራ። በልጅነቱ ሐይቁ ውስጥ ሊሰምጥ ሲል ጌታ እንዳዳነው ተናገረ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ጉባኤው እልል ሲል ግን አፉ አልቆም አለው፤ ማዕበል ጨመረ፣ ጉማሬ ጨመረ፣ እየዋኘ ደሴት ላይ መውጣቱንና ዋሻ ውስጥ ሲጸልይ ማደሩን ጨመረ። ኢየሩስ ያን ቀን ከመዘምራኑ መካከል ቆማ ታለቅስ ነበር። የተዋወቁትም በዚያው ሰሞን ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ግን እያደር እየከበደ ሄዶ ሚስት አመጣ፣ ልጅ አመጣ፣ አሁን ደግሞ ጀልባ አስከራየ።

ሐዳሳ ካባቷ የሚረባ መልስ ስታጣ ወደ ጀልባ ነጂው ዞረች። ሙሴ ይባላል፤ እዚሁ ውሃ ላይ ማደጉን ሲሳፈሩ ነግሯቸዋል። ደሴቱን ያውቀው እንደሆነ ጠየቀችው።

ሙሴ ሞተሩን ቀነስ አደረገ። መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥሎ ላብ ያጠመቀውን አባቷን አየ። ስንት ቤተሰብ ያመላለሰ ሰው ነውና ገባው።

“ነበረች፣ ትንሽዬ ደሴት” አለ። “ሐይቁ ሲሞላ ዋጣት እንጂ።”

ኢየሩስ ከንፈሯን መጠጠች። አልአዛር ሰውየውን አቅፎ ሊስመው ምንም አልቀረው። ሐይቁ መሙላቱን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ጠልቆ አያይ። ደሴቱ ሰጠመ፣ ነገሩም አብሮ ሰጠመ፤ ተገላገለ።

ሐዳሳ ግን አላዘነችም፣ እንዲያውም ፊቷ በራ። እሁድ በልጆች አገልግሎት ላይ እንደምትመሰክር ነገረቻቸው። እግዚአብሔር አባቴን ካዳነበት በኋላ ደሴቱን መልሶ ውሃ ውስጥ ከተተው፣ እኔም ቦታውን በዓይኔ አየሁት ልትል ነው። ከወዲሁ በከንፈሯ እየተለማመደችው ነበር።

አልአዛር የልጁን ከንፈር አየ። የእሱ ውሸት ነው፤ እሷ አፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ከእሱም ያምራል። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

“ሐዳስዬ፣ ደሴት አልነበረም” አለ።

ሙሴ ሞተሩን አጠፋው።

አልአዛር ቀስ እያለ ነገራቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ፎርፎ ሐይቁ ዳር ሲንቦጫረቅ እግሩ መሬት አጣ። ማዕበልም ጉማሬም አልነበረም። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ጥሎ ገባና በፀጉሩ ጎትቶ አወጣው። ውሃውን አስተፍቶት ፀሐይ ላይ አስቀመጠው፤ እስኪሞቀውም አጠገቡ ቁጭ አለ። አልአዛር ጉልበቱ ሲጸናለት አባቱን ፈርቶ ሮጦ ሄደ። መድረኩ ላይ በቆመ ጊዜ ሰውየውን ሊያነሣው አስቦ ነበር። ግን ጌታ አዳነኝ ካለ በኋላ ዓሣ አጥማጅ ማስገባት የጌታን ክብር መቀነስ መሰለው። ሰውየውን ከታሪኩ ሲያወጣው ደግሞ ነገሩ ጎደለ፤ በሱ ቦታ ደሴቱን አስገባ።

ኢየሩስ ነጭ ጫማዋን አየች።

“እኔ እኮ ያለቀስኩት ዋሻው ጋ ስትደርስ ነው” አለች።

አውቃለሁ አላት። እሷም ሌላ አልጨመረችም፤ ቤት ሲገቡ እንደምትጨምር ግን ያውቃል።

ሐዳሳን የያዛት ሌላ ነገር ነው። “ሰውየው ማን ይባላል?” አለች።

“አልጠየቅሁትም።”

“ከዚያ በኋላስ?”

“ከዚያ በኋላም።”

ሙሴ ሞተሩን አስነሥቶ ጀልባዋን ወደ ከተማው መለሳት። መረብ የሚሰበስቡ አጥማጆች አጠገብ ሲደርሱ፣ ልጅቷ አንድ ሽበታም ሰው አይታ እሱ ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀች። አልአዛር አላውቅም አላት። ቀጥሎ ባለው ጀልባ ላይም ሽማግሌ ነበር፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ሙሴ ማንም ሳያዝዘው እያንዳንዳቸው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አልአዛርም ኮፍያውን አውልቆ፣ ከመቀመጫው ብድግ እያለ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ እጅ ነሣ። እነሱም ማን እንደሆነ ሳያውቁት፣ ከመረቡ ቀና እያሉ እርጥብ እጃቸውን ያነሡለት ነበር።